የማርሊስ ፊርማ

ዴልበርት ዋሆቪያክ ስልኩን የደወለው የአጋዘን አደን በተዘጋ ማግስት፣ በኖቬምበር 2018 መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ንግግሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ የአርባ ሦስት ዓመት የጡረታ ቁጠባውን ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላ ሒሳብ አዛወረ። ሚስቱ ማርሊስ በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ወርዳ ልብስ ታጥብ ነበር። አልነገራትም።

ስልኩን ያነሳችው የቁጠባ ድርጅቱ ሠራተኛ ድምፅዋ የልጅ ነው።

"ከፊሉን ነው ጌታዬ፣ ወይስ ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

"መቶ ሰማንያ ሺህ ዶላር?"

"ሳንቲሞቹንም ጭምር።"

"ለግብር የሚሆን ቀንሼ ላስቀርልዎት?"

"ምንም አታስቀሪ። ለእሱ በኋላ አስብበታለሁ።"

"ሙሉው ገንዘብ የዘንድሮ ገቢዎ ሆኖ እንደሚቆጠር ተረድተዋል?"

"የኔ ልጅ፣ ይሄን ሳደርግ የመጀመሪያዬ አይደለም።"

ልጅቷ ከፊቷ ያለውን ረጅም ጽሑፍ በፍጥነት ማንበብ ጀመረች። እንድታነብ ስለታዘዘች ነው። ዴል ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ በመስኮት መኪናውን ያያል። የመኪናው ጭነት ቦታ ባዶ ነው። ዘጠኝ ቀን ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንድ አጋዘን አልገደለም። ከተነበበለት ውስጥ አንዲቱ ዓረፍተ ነገር ስለ እሱ የተጻፈች ያህል ነበረች። አላዳመጣትም።

"ተስማምተዋል?"

"ተስማምቻለሁ።"

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ዴል ያጠራቀመው ገንዘብ ከደሞዙ ላይ ግብር ሳይከፈልበት የተነሳ ነው፤ ግብሩ የሚከፈለው ሲወጣ ነው። ሰዎች ሮት የሚሉት ሌላው ሒሳብ ተገላቢጦሹ ነው። ግብሩ መግቢያው ላይ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱም ቢያወጣ፣ ወራሹም ቢያወጣ ማንም አይነካውም። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ማዛወር ይፈቀዳል። ግን በተዛወረበት ዓመት ያ ሁሉ ገንዘብ ደሞዝ ሆኖ እንደተከፈለህ ይቆጠርብሃል። ስለዚህ ሰው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ያዛውራል። ዴል በአንድ ጠዋት ጨረሰው። ጊዜ ያለው ስላልመሰለው ነው።

የዋሆቪያክ ወንዶች ረጅም ዕድሜ አይኖሩም። አባቱ ካዚሚር በስተርጅን ራፒድስ የወረቀት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ በወጣ በስምንተኛው ወር፣ በስልሳ አምስት ዓመቱ፣ በረዶ በስቶ ዓሣ ሲያጠምድ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ጎረቤት መጥቶ እስኪነካው ድረስ የተኛ መስሏቸው ነበር። ታናሹ ልጅ ዩጂን በስልሳ አንድ ዓመቱ አልጋው ላይ ቀረ። ትልቁ ሌናርድ ስልሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ የገደለውን አጋዘን ብቻውን ከጫካ ሲጎትት ወደቀ። ሲያገኙት እጁ ቀንዱን እንደያዘ ነው። የሦስቱም ሞት በልብ ነው። ዴል መካከለኛው ልጅ ነው። በዚያ ኖቬምበር ስልሳ ሦስት ሞልቶታል።

እናቱ ክላራ ከአባቱ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። አባቱ የሞተ ዓመት ዴል ግብሯን ሊሠራላት ሄዶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ገቢዋ ቀንሷል፣ ግብሯ ጨምሯል። ለባልና ሚስት የተሠራው ሰንጠረዥ ለብቸኛ ሰው አይሠራም፤ ለብቸኛ ሰው ሌላ ሰንጠረዥ አለ፣ እሱም ጠበቅ ያለ ነው። ክላራ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ "አባትህ ከሞተ ወዲህ ውድ ሴት ሆኛለሁ" አለችው። ሳቀች። እሱ አልሳቀም። በየዓመቱ በማርች ወር ያችን ጠረጴዛ ያስታውሳታል።

ለማርሊስ ይህን ነግሯት አያውቅም። ዩጂን የተቀበረ ዕለት ወሬውን ሊጀምር ሞክሮ ነበር። እሷ የቀብር ጫማዋን እያወለቀች፣ "ሁለተኛ ይሄን ወሬ ቤቴ ውስጥ እንዳታመጣው" አለች። አላመጣውም። ዘጠኝ ቀን ዛፍ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ብቻ አወራው። በዘጠነኛው ቀን ወሰነ። እሱ ሲሞት እሷ ውድ ሴት አትሆንም።

ለዚህ ድፍረት የሰጠው አንድ ወረቀት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አሥር ሺህ ዶላር ወደ ሮት አዛውሮ ነበር። በወራት ውስጥ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። ያኔ አብሮት የወረቀት ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ኦርቪል ጊንትነር ዘዴውን አሳየው። እስከሚቀጥለው ኦክቶበር ድረስ አንዲት ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ ገንዘቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ግብሩም እንዳልነበረ ይሆናል። ዴል ጻፈ። ተመለሰለት። የደብዳቤውን ቅጂ የመኪናውና የጀልባው ወረቀት ባለበት ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። ስልኩን ሲደውል ያ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማለቂያው ካላማረ በር አለው። በበሩ አንዴ ወጥቶበታል።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ገበያው ወረደ። የፋብሪካው ጡረተኞች ማክሰኞ ማክሰኞ ቁርስ የሚበሉት ድልድዩ አጠገብ ባለችው ምግብ ቤት ነው። ፋብሪካው ጁን 2017 ከተዘጋ ወዲህ ግን ሁሉም ቀን ማክሰኞ መስሏል። ኦርቪል ዴልን ሲያይ ጋዜጣውን አጠፈ።

"ጢምህ ገና አለ እንዴ?"

"አልገደልኩም። ምን ላድርግ?"

ይህ የፋብሪካው የሦስተኛው ማሽን ሰዎች ደንብ ነው። ጢም ከኦክቶበር መባቻ ጀምሮ ይለቀቃል። አጋዘን የገደለ ይላጫል። ያልገደለ እስከሚገድል ይጠብቃል፣ ዓመትም ቢሆን። ማሽኑ ተነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጧል። ደንቡ ግን አልተሸጠም።

"እሱን ተወው፣ ገበያውን አይተኸዋል? ያዛወርከው ገንዘብ አሁን ስንት ሆነ?"

"አልጠየቅኩም።"

"ሞኝ። በመቶ ሰማንያ ሺህ ልትቀረጥ ነው፤ እጅህ ላይ ያለው ግን መቶ ሃምሳ አይሞላም። መልሰዋ! ደብዳቤዋን ጻፍ። ማን ነው ያስተማረህ?"

"አንተ።"

"ስለዚህ የእንቁላሉን ማን ይከፍላል?"

"እኔ።"

"ኬክም ጨምሪልኝ እህቴ፣ ይሄ ሽማግሌ ነው የሚከፍለው" አለ ኦርቪል፣ ወደ አስተናጋጇ ዞሮ።

በጃንዋሪ መጀመሪያ ዴል የድሮውን ደብዳቤ አውጥቶ ቃል በቃል ገለበጠው። ቀኑንና መጠኑን ብቻ ቀየረ። በፌብሩዋሪ መልስ መጣለት። አራት መስመር ነው። ጥያቄዎን ተቀብለናል፣ ልናስተናግደው ግን አንችልም፣ ለበለጠ መረጃ የግብር አማካሪ ያነጋግሩ፣ ስለ ደንበኝነትዎ እናመሰግናለን። ሦስት ጊዜ አነበበውና ወደ ፋይሉ መለሰው። ሐሙስ ዕለት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ።

በስተርጅን ራፒድስ ቤተ መጻሕፍት ክረምት ክረምት ፈቃደኞች ለአዛውንቶች ግብር በነፃ ይሠራሉ። ከእነሱ አንዷ ኦርላ ፍሪድሪክሰን ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ አራተኛ ክፍል ዴልን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ደግመው አጠለቁ።

"ዴልበርት፣ ይሄ መመለስ የሚባለው ነገር ቀርቷል።"

"ከሰባት ዓመት በፊት አድርጌዋለሁ ቲቸር።"

"ያኔ ይቻል ነበር። ሕጉ ተቀይሯል። ከ2018 ጃንዋሪ ጀምሮ ያዛወረ አዛወረ ነው። መመለሻ የለውም።"

"እኔ ያዛወርኩት ኖቬምበር ነው።"

"ከጃንዋሪ በኋላ ማለት ነው።"

"አሥራ አንድ ወር ብቻ?"

"አንድ ቀንም ቢሆን ያው ነው። ሲነግሩህ አልሰማህም?"

ዴልን የልጅቷ ድምፅ ትዝ አለው። ፈጣን ንባብ፣ ባዶ መኪና።

ኦርላ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ላይ አስገቡ። አይቸኩሉም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"የጤና መድናችሁን መንግሥት ካቋቋመው የመድን ገበያ ነው የምትገዙት?"

"አዎ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ።"

"ድጎማ አላችሁ?"

"ብዙውን እነሱ ናቸው የሚከፍሉት። ገቢያችን ትንሽ ስለሆነ።"

"በዚህ ዓመት ትንሽ አይደለም" አሉ ኦርላ። "የዓመቱ ድጎማ በሙሉ ይመለሳል።"

"በሙሉ ማለት?"

"እያንዳንዱ ሳንቲም። አሥራ ሰባት ሺህ ዶላር።"

የሁሉም ድምር ስልሳ ሦስት ሺህ ዶላር ገደማ ሆነ፤ የፌዴራሉ ግብር፣ የክፍለ ግዛቱ ግብር፣ የመድኑ ድጎማ። የአክሲዮን ገበያው ከገና በኋላ ማገገም ጀምሯል፣ ስለዚህ የተዛወረው ገንዘብ ራሱ አልጠፋም። ዴልን የያዘው ገበያው አይደለም። በባንክ ያላቸው አሥራ አራት ሺህ ነው።

"ከአዲሱ ሒሳብ ማውጣት ትችላለህ" አሉ ኦርላ። "ዕድሜህ ይፈቅዳል፣ ቅጣት የለውም። ዕዳው ሲሶውን ያህል ይበላዋል እንጂ ይከፈላል።"

"ሲሶው ከሄደ ለምን አዛወርኩት?"

"እሱን ቀድሞ መጠየቅ ነበር።" ወረቀት አተሙ። "ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ። የባልና ሚስት ግብር ስለሆነ ያለ ሁለተኛው ፊርማ አልልከውም። ማርሊስ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

ኦርላ ትንሽ አዩት። "በአራተኛ ክፍልም ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላ ነበር" አሉ። ወረቀቱን ግን ሰጡት። "እስከ ኤፕሪል አሥራ አምስት።"

ያን ወረቀት ከወንበሩ ሥር አድርጎ ሰባት ሳምንት በመኪናው ይዞት ዞረ።

ማርሊስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠርታለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የምትነሳው በአንድ የብረት የደወል ሰዓት ነበር፤ ሰርጓ ላይ የተሰጣት። ጡረታ የወጣች ዕለት ሰዓቱን ድልድዩ ላይ ይዛው ሄዳ ወንዙ ውስጥ ጣለችው። ሁለት የወጥ ቤት ጓደኞቿ አጨበጨቡ። ጉልበቶቿ ያብጣሉ፣ ሲሚንቶ ላይ ሲቆም የኖረ ሰው ጉልበት ነው። አሁን ጠዋት ሁለት ሰዓት ትነሳለች። በዚህ ዓለም ላይ እንዳታጣው የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ግብር ላይ ያላት ሥርዓት አንድ ነው። ዴል ወረቀቱን ያመጣል። እሷ እጇን በፎጣ ትጠርጋለች፣ "የት ላይ?" ትላለች፣ እሱ በጣቱ ያሳያታል፣ ትፈርማለች፣ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። አንብባ አታውቅም። ዴል ይህን ያውቃል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ያሰበው ስለዚህ ነው። ማሳየት ነው እንጂ ማስነበብ ግዴታ አይደለም። ትፈርማለች፤ እሱ ከአዲሱ ሒሳብ አውጥቶ ይከፍላል፤ እሷ ልታውቅ የምትችለው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማንን ትቆጣለች?

በማርች አንድ ዓርብ ዓሣ ጥብስ ሊበሉ ወጡ። ማርሊስ ቼሪ የገባበት ብራንዲዋን ይዛ፣ ከጎን ጠረጴዛ ለተቀመጠችው ለዊላ ታወራለች። ዊላ በእሷ ቦታ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆናለች።

"ዕቃ አጣቢ አላገኘንም" ትላለች ዊላ። "አንዱ ሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ይጠፋል። ተመለሽ በቃ።"

"ሰዓቴን ከወንዙ አውጪልኝና እመለሳለሁ።"

"አንተ ዴል፣ እሷን እንዴት ቻልካት?" አለች ዊላ፣ ቀልዱን ወደ እሱ አዙራ። "ጢምህ ደግሞ የወፍ ጎጆ መስሏል።"

"ዴል የሚያስበው ነገር አለው" አለች ማርሊስ። "ከገና ጀምሮ ፊቱ እንዲህ ነው። ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል።"

"በዚህ ጢም?"

ሁለቱ ተሳሳቁ። ዴል ዓሣውን ሳይጨርስ ተወው። ማርሊስ ሳህኑን አየች።

ኤፕሪል አሥራ ሦስት ቅዳሜ ነበር። ማርሊስ ድንች ትልጣለች። ዴል ወረቀቱን ከመኪናው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ የፊርማውን ገጽ ከላይ አድርጎ። ቁጥሮቹ ያሉባቸው ገጾች ከሥር ናቸው። እሷ እጇን በፎጣ ጠረገች።

"የት ላይ?"

ጣቱን ዘረጋ። ብዕሩን አነሳች። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ዴል መዳፉን መስመሩ ላይ ጣለ። የግራ እጁ ነው፤ የአመልካች ጣቱ ጫፍ የለም፣ በ1981 ሦስተኛው ማሽን ወስዶታል።

"ምን ሆነሃል?"

"አንብቢው።"

"ምኑን?"

"ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እባክሽ።"

ማርሊስ ተቀመጠች። መነጽሯን ፈለገች፣ ጭንቅላቷ ላይ አገኘችው። አነበበች። ድንቹ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። አንዱ ገጽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

"ይሄ የማን ገቢ ነው?"

"የኛ።"

"እኛ ባለፈው ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር አገኘን?"

"አዎ።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

"ምድር ቤት። ልብስ ስታጥቢ።"

ሁሉንም ነገራት። ስልኩን፣ ልጅቷን፣ ደብዳቤውን፣ ኦርላን። ሲጨርስ "ለምን?" ብላ ጠየቀችው።

"አባቴ ስልሳ አምስት። ሌናርድ ስልሳ አራት። ዩጂን ስልሳ አንድ።"

እሷ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"እናቴን አይቻታለሁ ማርሊስ። አንቺ እንደዚያ እንድትሆኚ አልፈለግኩም። እኔ ስሄድ የሚቀርልሽ ንጹሕ እንዲሆን ነው።"

"ቆይ። ስለዚህ እኔ እዚህ ቆሜ እንቁላል ስጠብስልህ፣ አንተ ደግሞ እዚያ ተቀምጠህ ባሏ የሞተባት ሴት አድርገህ ስታሰላኝ ነበር?"

"እንደሱ አይደለም።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

ማርሊስ ተነስታ ውሃ ጠጣች። ተመልሳ ተቀመጠች።

"ስልሳ ሦስት ሺህ። ከየት ነው የምንከፍለው?"

"ከዚያው እናወጣለን። ኦርላ ይቻላል ብለዋል።"

"ያ ገንዘብ የማን ነው?"

"የኛ ነው።"

"ቅድም ለኔ ነው አልክ።"

"ላንቺ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።"

"የኔ ከሆነ አይነካም።"

"ማርሊስ፣ ይሄ አያዋጣም። በየወሩ ብንከፍል መንግሥት ወለድ ይቆጥርብናል። በሒሳብ ካየሽው..."

"አንተ ሒሳብ ሠርተህ ጨርሰሃል" አለች። "አሁን ተራው የኔ ነው። ባንክ ያለው ለክፍለ ግዛቱ ይሂድ። ጀልባው ይሸጣል።"

"ጀልባው?"

"ጀልባው። የቀረውን በየወሩ። ስንት ዓመት ይሰጣሉ?"

"እስከ ስድስት ዓመት። ከጡረታችን እንዴት ይወጣል ግን?"

"ከጡረታችን አይወጣም። ዊላ ዕቃ አጣቢ አጥታለች።"

ዴል እጆቹን አየ። "ጉልበትሽ አይችልም" አለ።

"ስለ ጉልበቴ ማን አወራ? እኔ ሰዓቴን ወንዝ ውስጥ ጥያለሁ። አንተ አዲስ ትገዛለህ።"

"ስድስት ዓመት፣ ማርሊስ? ስልሳ ዘጠኝ ይሞላኛል። በኛ ቤት ስልሳ ዘጠኝ የደረሰ ወንድ የለም።"

"እንግዲያው የመጀመሪያው ትሆናለህ። የመጨረሻዋን እስክትከፍል መሞት የለም። ሰምተኸኛል? አጋዘን መጎተት የለም፣ በረዶ ላይ ብቻህን መቀመጥ የለም። ሰኞ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ሌናርድ ከሞተ ጀምሮ ሰበብ እየደረደርክ የቀረህበትን ምርመራ ሁሉ ታደርጋለህ። ዕቅድ ስታወጣ እኔን ረስተህ ነበር። ይሄ የኔ ዕቅድ ነው።"

ብዕሩን አንስታ ፈረመች። ከፊርማዋ ሥር ሁለት ጊዜ አሠመረች። ከዚያ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ዴል ወንበሩ ላይ ቆየ። ሊነሳ ፈልጎ ነበር፤ የት እንደሚሄድ ግን አላወቀም።

ኦርላ ወረቀቱን ሲቀበሉ የማርሊስን ፊርማ አዩ፣ መስመሩንም አዩ። "በሒሳብ ስሕተት ነው" አሉ፣ የወር ክፍያውን ቅጽ እያወጡ። "ግን አንብባዋለች።"

ዴል በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ጀመረ። ማልዶ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል። ከልጆቹ ሳህን የሚመጣበት መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ በታች ገንዳ፣ ከገንዳው ቀጥሎ እንፋሎት የሚተፋ ማሽን። የቆመበት ሲሚንቶ ማርሊስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቆመችበት ነው። ዊላ መጀመሪያ ቀን የፀጉር መረብ ሰጠችው። ቀጥላ ጢሙን አየች።

"መላጨት ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"አልገደልኩም።"

ዊላ የዚያው ከተማ ልጅ ናት፣ አልተከራከረችም። ከጓዳ ለጢም የሚሆን መረብ ፈልጋ አመጣች። ከጆሮ እስከ ጆሮ በላስቲክ ይጠለቃል። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሳህናቸውን ሲመልሱ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ያዩታል። አንዷ፣ "ሚስተር ዴል፣ አፍህን ለምን አሰሩት?" ብላ ጠየቀችው። "በጥፋቴ ነው" አላት። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የቁርሱ ጠረጴዛ ላይ የእሱን ወንበር ሌላ ሰው ተቀመጠበት። ኦርቪል አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በወጥ ቤቱ የኋላ በር መጥቶ ቆመ፣ ሕጉ መቀየሩን አላውቅም ነበር አለ። ዴል አውቃለሁ አለው። ሳህን ስለበዛበት ከዚያ በላይ አላወሩም።

ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘለት። ማርሊስ ከመተኛቷ በፊት ለነገው ከምሳ ዕቃው ክዳን ሥር ታኖርለታለች። ማታ ሲመለስ መዋጡን አትጠይቅም፤ ክዳኑን ከፍታ ታያለች።

ኖቬምበር መጣ። አደኑ ዘጠኝ ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የሚዘጋው ከሐሙስ ጀምሮ ለምስጋና በዓል ብቻ ነው። ዴል በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ምንም አላየም። ሐሙስ ዕለት የማርሊስ እህት ቤት ናቸው። ዓርብ ዘነበ። ቅዳሜ ምንም የለም። የመጨረሻው ቀን እሑድ፣ ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል፣ ከዝግባዎቹ መሃል አንድ ወንድ አጋዘን ወጣ። ቀንዱ አሥር ቅርንጫፍ አለው። በዕድሜው ካያቸው ሁሉ ይበልጣል። ስልሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ጎኑን ሰጥቶት ቆመ።

ዴል ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። መጠበቂያውን ለቀቀ። ከዛፉ እስከ መኪናው ግማሽ ማይል ነው፣ መሃሉ ረግረግ። ስልኩ እዚያ አይሠራም። ሌናርድ የወደቀው ከዚህ ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ዕድሜው ስልሳ አራት ነበር። ዴልም አሁን ስልሳ አራት ሞልቶታል።

አጋዘኑ አንገቱን ቀና አድርጎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እየተራመደ፣ ሳይሮጥ፣ ወደ ረግረጉ ገባ። ዴል ጥይቱን አወጣ። በዛፉ ላይ የተደገፈውን መሰላል ቀስ ብሎ ወረደ፣ በሁለቱም እጆቹ ይዞ።

ቤት ሲደርስ ማርሊስ በሩ ላይ ነበረች። ባዶውን መኪና አየች፣ ቀጥላ ጢሙን።

"ምንም?"

"አንድ ትልቅ ነበር።"

"እና?"

"ብቻዬን ነበርኩ።"

ማርሊስ ጠመንጃውን ተቀብላ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው። የየወሩ ክፍያ ተዘርዝሮ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ የኖቬምበርን ክፍያ ሰረዘች። ስድስት ተሰርዟል፣ ስልሳ ስድስት ይቀራል። እሱ አዲሱን የደወል ሰዓት ለአሥር ሰዓት ተኩል ሞላ፤ የጢሙን መረብ ከራዲያተሩ ላይ አንስቶ፣ ደርቆ እንደሆነ በጣቶቹ ዳሰሰው።